ስድሳ እርምጃ፦ ታሪካዊ መንደር ለቱሪስት ሲታደስ ነዋሪው ላይ ምን ይደርሳል?

ላሊበላ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዷ ናት። የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ዩኔስኮ ስለ ቦታው ያሰፈረውን ማብራሪያ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ የሚገርም ነገር ያገኛል። ሰነዱ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ካወደሰ በኋላ አጠገባቸው ያለውን መንደርም ያነሳል፤ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ደርብ ቤቶች እንዳሉት ይመሰክራል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ቅርሱን የሚያሰጋውን ሲዘረዝር ይኸው የጎረቤት መንደር ከሥጋቶቹ ጋር ይቆጠራል፤ ለቱሪስት ተብሎ የሚገነባውም አብሮት አለ። አንድ መንደር በአንድ ሰነድ ላይ ጌጥም ሥጋትም ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሰነዱ ቤቶቹን «የላስታ ቱኩል» ይላቸዋል። የላስታ ሰው ቤቱን ቱኩል ብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእሱ ጎጆ ነው፣ ወይም ቤት ነው። ቱኩል የሚለው ቃል የሞላው የሎጅ ታፔላ ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ቃል ለመምዘዝ አይደለም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በመንደሩ ሰዎች ላይ የደረሰው ነገር ፍንጩ እዚህ ስላለ ነው። ቤቱ ቅርስ ተባለ፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ለቅርሱ ሥጋት ተባለ። ከክቦቹ ቤቶች አንዳንዶቹ ቆዩ፣ ሰዎቹ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ላሊበላ ሲወራ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ቱሪዝም ከተማዋን አሳደጋት ይላል፤ ሌላኛው ቱሪዝም ድኻውን አፈናቀለው ይላል። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱንም የሚለው አንድ ሰው ሊሆን መቻሉ ነው። ጠዋት ስለፈረሰ ቤቱ ያማረረ ሰው ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ ጠፋ ብሎ ሲያዝን ብትሰሙት ግራ አትጋቡ። ሁለቱም እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ነው እዚህ ላስረዳ የምሞክረው።

ለምን ተነሡ?

በዓለም ባንክ የ35 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተደገፈው የኢትዮጵያ ዘላቂ ቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት የጸደቀው በ2009 ነው። አዲስ አበባን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚመለከት ነበር። ላሊበላ ላይ ከተያዙት ሥራዎች ከባዱ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የሚኖሩትን ቤተሰቦች ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ሰዎቹ ተነሥተው ከከተማዋ ዳር፣ ኩራኩር በሚባለው ሰፈር፣ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ፈረሱ። ከክቦቹ የድንጋይ ቤቶች የተወሰኑት እንዲቆዩ ተደረገ፤ ዛሬም ቆመዋል፣ ጢስ ግን አይወጣባቸውም።

ምክንያቱ ባዶ ነበር ብሎ መናገር ትክክል አይመስለኝም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሌላ ሕንፃ ከታች ወደ ላይ የተሠሩ አይደሉም፤ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ያውቀዋል፤ ጣሪያው ከቆምክበት መሬት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ መውረጃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዐለቱም ውሃ የሚጠጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ክረምት ይርሳል፣ በጋ ይደርቃል፣ በመርጠብና በመድረቅ መካከል ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ዙሪያውን ሰው ሲበዛ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤት ሲቆፈር፣ እጣቢ ሲደፋ፣ ከብት ሲታሰር ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የሣር ክዳን ቤቶች ተጠጋግተው ሲቆሙ የእሳት ነገርም አለ።

ነዋሪውም ቢሆን በቅርስ ክልል ውስጥ መኖር ምቾት አልነበረውም። በእንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ያለ ሰው ክፍል ልጨምር፣ ሣሩን አንሥቼ ቆርቆሮ ልምታ ሲል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም በቀላሉ አይገኝም። አዲስ ለተጋባ ልጅ፣ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክብ ቤት ተጨናንቆ ለኖረ ልጅ፣ በስሙ ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። መነሣት ለሁሉም አንድ ዓይነት ሐዘን አልነበረም።

ካሳው የሚቆጥረውና የማይቆጥረው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሳ ሲባል «የቤቴ ዋጋ» የሚመስለው አለ፤ «የቦታዬ ዋጋ» የሚመስለውም አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ መንግሥት መሬት ሲወስድ የሚከፍለው መሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ነው። የላሊበላዎቹ ሲነሡ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ዓ.ም. ነው። በእሱ መሠረት ከተማ ውስጥ ቤቱ የፈረሰበት ባለይዞታ ሦስት ነገር ያገኛል፦ ቤቱን ዛሬ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ፣ ምትክ ቦታ፣ እንዲሁም የፈረሰው ቤት ለአንድ ዓመት ቢከራይ የሚያወጣውን ግምት ወይም የአንድ ዓመት ነፃ መጠለያ። ብድሩ የዓለም ባንክ በመሆኑ የባንኩ የመልሶ ማስፈር መመሪያም ተጨምሮበታል፤ መመሪያው የይዞታ ወረቀት የሌለውንም ሰው እንዳትረሱት ይላል።

ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። አሁን አንዲት እናት እናስብ። የማንም ታሪክ አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳት ናት።

ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስድሳ እርምጃ ነው። ጠላ ትጠምቃለች፤ የሚጠጣላት ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ነው። ለገና ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎጃም በእግሩ የመጣ ተሳላሚ ግቢዋ ያድራል፤ ገንዘብ አይከፍላትም፣ በዓመቱ ግን አንዱ ማር፣ አንዱ ጌሾ ይዞላት ይመጣል። ትንሹ ልጇ ጎብኚ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይጠብቃል፤ ከትምህርት ቤት መልስ የምሳ ዕቃውን እንኳ ሳያስቀምጥ ነው የሚሮጠው። የማርያም ማኅበር አላት፣ ሰንበቴ አላት፣ ዕድር አላት። ስታምም እሳት የምታቀብላት ጎረቤት ግድግዳ ተጋርታት ነው የምትኖረው። እናቷ የተቀበሩት እዚያው አጥቢያ ነው።

ገማች ኮሚቴው መጣ። ሜትር ዘረጋ። የቤቱ ስፋት፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የክዳኑ ዓይነት፣ በርና መስኮት፣ አጥር፣ ዛፍ። ቅጹ ላይ ይኸው ነው ያለው። «ስድሳ እርምጃ» የሚል መስመር የለውም።

ይህች ሴት ኩራኩር ላይ ከበፊቱ የሚሰፋ ቦታ፣ የተሻለ ግድግዳ፣ የራሷ ሽንት ቤት ልታገኝ ትችላለች። በቁጥር ከታየ ተሻሽላለች። ጠላዋ ግን ገበያ የለውም፤ ቅዳሴ የወጣ ሰው ለአንድ ጣሳ ብሎ ዳገት አይወጣም። ልጇም በአንድ ሩጫ ከትምህርት ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት መመላለሱ ቀረ። አሮጊት ብትሆን ኪዳን ማድረሱ ራሱ የቀን ሥራ ይሆናል። ገማቹ አላታለላትም። የሰፈረው ቁጥር ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ያለው ሳይሰፍር በቀረው ላይ ነው።

ያቺ ሴት ባለይዞታ ካልሆነችስ? በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተማ ውስጥ ትርፍ ቤት የተባለ ሁሉ የመንግሥት ሆኗል፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱ ሲፈርስ የቤቱ ዋጋ አይከፈለውም፣ ቤቱ የእሱ አይደለምና። ተራው ቢደርሰው ሌላ የቀበሌ ቤት ያገኛል። ከእሱ በታች ደግሞ ደባሉ አለ፤ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በወር ጥቂት ብር የሚኖረው። ከደባሉ በታች ደግሞ በየዓመቱ መጥቶ የሚያድረው የኔ ቢጤ፣ ቆሎ ተማሪ፣ ጠበል ተጠማቂ አለ። የታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንዲህ በደርብ በደርብ ነው የሚኖረው፤ ቅጽ ግን ከአንደኛው ደርብ በታች ሲወርድ ዓይኑ ይደክማል።

ሕጉ ከጊዜ በኋላ ይህን ክፍተት በከፊል አይቶታል ማለት ይቻላል። አዋጅ 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዓ.ም. ከንብረት ካሳ በተጨማሪ ለኢኮኖሚ ጉዳት፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ የሚባል ነገር አስገብቷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ዕድርና ጉርብትና ዋጋ እንዳላቸው ሕግ ሲያምን ማየት ደስ ይላል። ግን የወጣው የላሊበላዎቹ ከተነሡ በኋላ ነው። ደግሞስ የማኅበር ጽዋ በስንት ብር ይገመታል? ገማቹ አሁንም ሜትሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

ብሩ የት ይደርሳል?

ለውጭ ጎብኚ የአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። ገንዘቡን የምትሰበስበው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም፣ ተነሺውም አይደለም። ካህናቱና ዲያቆናቱ፣ ጥበቃውና ጥገናው ከዚያ ይደገፋሉ። የሆቴሉ ብር ለሆቴሉ ነው፤ ባለሆቴሉ የላሊበላ ልጅ የሆነበትም፣ ከአዲስ አበባ የመጣበትም አለ። አስጎብኚዎች ፈቃድ ያላቸው፣ በማኅበር የተደራጁ፣ ቋንቋ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። ወደ አሸተን ማርያም ለመውጣት በቅሎ የሚያከራየው ገበሬም የድርሻውን ያገኛል። ከዚያ ቀጥሎ ጫማ ጠባቂው፣ መስቀልና ነጠላ ሻጩ፣ ሊስትሮው ይመጣሉ።

አንድ መንገድ ደግሞ አለ፣ በየትኛውም የፕሮጀክት ሰነድ ላይ በወጉ የማይጻፍ። ላሊበላ ያደገ ልጅ «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። አንድ ፈረንጅ ይወደዋል፣ አድራሻ ይቀባበላሉ፣ ደብተር ይልክለታል፣ ኋላም የኮሌጅ ይከፍልለታል፤ ዕድሉ የሰመረለት ቤት ተሠርቶለታል። ይህ ገቢ የሚመጣው በመተዋወቅ ነው፤ መተዋወቅ የሚመጣው ፈረንጁ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከመኖር ነው። ተነሺው ቤት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዕጣ ነው ያጣው። ልመናን ያበዛል፣ ትምህርት ያስጥላል ብለው የሚወቅሱት አሉ፤ ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ። ቢሆንም ሲቀር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የአንድ ነዋሪ ስሜት የሚወሰነው «ቱሪዝም ጥሩ ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄ አይደለም። ጎብኚው ከአውሮፕላን ወርዶ እስኪመለስ ባለው መንገድ ላይ አንተ የት ቆመሃል? ጥያቄው ይህ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ትናንት ቆመህ ዛሬ ከተነሣህ ሁለቱም ስሜት አለህ። የመጣልህን እንግዳ ትወደዋለህ፤ ያነሣህን ውሳኔ ትጠላዋለህ።

ቁጣው ማን ላይ ነው?

ጆርጅ ዶክሲ የተባለ የቱሪዝም ተመራማሪ በ1975 ያቀረበው የታወቀ መሰላል አለ። ቱሪስት ሲበዛ የነዋሪው ስሜት በአራት ደረጃ ይሄዳል ይላል፦ መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ልምድ ሆኖ ግድ ማጣት፣ ከዚያ ብስጭት፣ በመጨረሻም ጠላትነት። ለቬኒስ ወይም ለባርሴሎና ይሠራ ይሆናል። ላሊበላ ላይ ሲለካ ግን ያነክሳል። እዚህ ሰው ጎብኚውን አልተቆጣም። የተቆጣው ሳይጠየቅ በተወሰነበት ነገር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃው የመጠለያው ጉዳይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመጠበቅ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የከተማው ሰው ሌላ ነገር መፍራት ጀመረ፤ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ብረት ዐለቱ ላይ ቢወድቅስ? ምሰሶዎቹ ራሳቸው ቢያናጉትስ? በ2018 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ይነሣልን አለ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ።

እዚያ ሰልፍ ላይ የወጣው ሰው ጥገናን አልተቃወመም፣ ቱሪስትንም አልተቃወመም። «ቅርሱ የእኛ ነው፣ ስለ ቅርሱ የሚወሰነውም እኛ ባለንበት ይሁን» ነበር የነገሩ ፍሬ። ቤቱን ለቤተ ክርስቲያኑ ደኅንነት ሲባል የለቀቀ ሰው፣ ያ ደኅንነት በብረት ምሰሶ ተንጠልጥሎ ሲያየው ቢቆጣ ምን ይደንቃል?

ከሌላ አገር ሦስት መንደሮች

የላሊበላ ነገር ብቸኛ አይደለም። በጣም የሚመስላት የዮርዳኖስ ፔትራ ናት፤ እሷም ከዐለት የተፈለፈለች ጥንታዊ ከተማ። በዋሻዎቿ ውስጥ ብዱል የሚባሉ ዘላኖች ይኖሩ ነበር። ፔትራ በ1985 የዓለም ቅርስ ስትሆን በዚያው ጊዜ ሰዎቹ ከዋሻው ወጥተው በአጠገቡ በተሠራው ኡም ሰይሁን በሚባል መንደር የብሎኬት ቤት ተሰጣቸው። ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት አገኙ። ከላሊበላ የሚለያቸው አንድ ቁልፍ ነገር ግን አለ፤ መኖሪያቸውን ቢለቁም ሥራቸውን አልለቀቁም። ቅርሱ ክልል ውስጥ ሻይ ይሸጣሉ፣ አህያና ግመል ያከራያሉ፣ ጌጣጌጥ ይዘረጋሉ። ከስድሳ እርምጃው ላይ ሌሊቱን ቢያጡም ቀኑ ቀርቶላቸዋል። ችግሩ የመጣው በልጆቻቸው ዘመን ነው፤ መንደሩ ሞላ፣ የሚሰፋበት መሬት የለውም፣ አንዳንዱም ወደ ዋሻው ተመለሰ። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰዎቹ ከዋሻ በወጡ በ20 ዓመቱ፣ በ2005፣ ዩኔስኮ የፔትራና የዋዲ ረም ዘላኖችን ባህላዊ አኗኗር የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ አወጀ።

የደቡብ ጣሊያኗ ማቴራ ሌላ ነገር ታስተምራለች። ሳሲ የሚባሉት የዐለት ሰፈሮቿ በድህነታቸው የአገር ውርደት ተብለው በ1952 በወጣ ሕግ 15,000 ያህል ሰው ከዚያ ወጣ። ሰፈሩ ለዐሥርት ዓመታት ባዶውን ቀረ። በ1986 ሌላ ሕግ መልሶ ማደስን ፈቀደ፣ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነ። ዛሬ ያ ዋሻ ሆቴል ነው። የሚያድሩበት ግን የወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች አይደሉም፤ ጎብኚዎች ናቸው። እናትህ በእርጥበቱ የታመመችበት ክፍል ለአንድ ሌሊት ስንት እንደሚከራይ ማየት ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ እኔ አላውቀውም።

ሦስተኛዋ የቻይናዋ ሆንግትሱን ናት፣ በአንሁዊ ግዛት። እዚህ ማንም አልተነሣም፤ ነዋሪው ቤቱ ውስጥ ሆኖ መንደሩ በትኬት ይሸጣል። በ1997 የመንደሩን ጉብኝት ለ30 ዓመት የሚያስተዳድር የቤይጂንግ ኩባንያ ተዋዋለ። ከሦስት ዓመት በኋላ መንደሩ የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ጎብኚው ጎረፈ፣ ነዋሪው ግን ከትኬቱ የሚደርሰው ኢምንት ነው ብሎ ክርክር ገጠመ። በ2002 ውሉ ተሻሽሎ ከትኬት ገቢው 33 በመቶ ለአካባቢው እንዲሆን ሲደረግ፣ ከዚያ ውስጥ ለመንደሩ የተመደበው 8 በመቶ ነበር፤ ብዙው ለቅርስ ጥበቃ ፈንድ ሄደ። አጠገቧ ያለችው ሺዲ ግን አብራት የተመዘገበች ሆና ቱሪዝሙን የምታስተዳድረው በመንደሩ በራሱ ኩባንያ ነበር። ሁለቱ መንደሮች የሚጎራበቱ፣ የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ቀን የተመዘገቡ ናቸው። የነዋሪው ቅሬታ የተለያየው በኪነ ሕንፃው አይደለም፤ ሣጥኑን ማን ከፈተው በሚለው ነው።

ከሦስቱ ብመርጥ ለላሊበላ የሚቀርበው የፔትራ ትምህርት ይመስለኛል። ውሃና ፍሳሽ ሌሊት የሚያድረውን ሰው ማንሣት ግድ ካሉ እንኳ፣ የቀን መተዳደሪያውን አብሮ ማንሣት ግድ አይደለም። ለተነሺ ቤተሰቦች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የጉሊት ቦታ በስማቸው መያዝ፣ የጫማ ጥበቃና የጥበቃ ሠራተኛ ምደባ ላይ ቅድሚያ መስጠት፣ ከመግቢያው ትኬት ላይ ትንሽ ለተነሺ ሰፈር መመደብ ውድ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ትኬቱ የቤተ ክርስቲያን፣ መሬቱ የመንግሥት፣ ብድሩ የባንክ፣ ቅርሱ «የዓለም» መሆኑ ነው። አራቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አምስተኛዋ ያቺ ጠላ ሻጭ ወንበር የላትም።

ጎብኚው ሲጠፋ

በ2020 ወረርሽኙ መጣና ጎብኚው በአንድ ጊዜ ቀረ። ያ ሳይሽር ጦርነቱ ደረሰ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ቆየች፤ መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋረጡ። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልጸናም። ብድር ወስዶ ሆቴል የሠራ ሰው ባዶ አልጋ እየቆጠረ ወለድ ሲከፍል፣ አስጎብኚው ወደ እርሻ ወይም ወደ ስደት ሲሄድ አየን።

በዚህ ጊዜ የድሮው መንደር ምን ያደርግ እንደነበር ግልጽ ሆኖ ወጣ። የድሮው ነዋሪ ከአንድ ነገር ብቻ አይበላም ነበር። ቁራሽ መሬት ነበረችው፣ ጥቂት ፍየል፣ ጠላ፣ ሸማ፣ ከተሳላሚ የሚገኝ፣ ከቱሪስት የሚገኝ። አንዱ ሲነጥፍ አንዱ ይይዘዋል። መታደሱ ግን ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋው፤ ከተማዋ በሙሉ ፊቷን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አዞረች። አውሮፕላኑ ሲቀር የመጣው ረኀብ የዚህ ውጤት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጦርነቱ ብቻውን አላመጣውም።

ያልቀረው ተሳላሚው ነው። ቱሪስትና ተሳላሚ በልማት ሰነድ ላይ «ጎብኚ» ተብለው በአንድ ይጠቃለላሉ፤ ለነዋሪው ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቱሪስት ዶላር ይዞ ይመጣል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ጉዞ አይመች ሲባል ይቀራል። ተሳላሚው ስንቁን በአገልግል ይዞ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ቀናት ተጉዞ ይመጣል፤ ብር አያመጣም፣ ግን ችግር ቢኖርም ይመጣል። የላሊበላ ወጣቶች በየዓመቱ ለገና ውሃ ይዘው የመንገደኛውን እግር ያጥባሉ፤ ቤት ያለው ያሳድራል፣ ያበላል። ይህን ወግ ተሸክሞ የኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ነው።

ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28፣ ካህናቱ ገሚሱ ማሜ ጋራ ከሚባለው ግድግዳ ጫፍ ላይ፣ ገሚሱ ከታች በቤተ ማርያም ግቢ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ይላሉ። ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ በፎቶ ያላየ የለም። የኩራኩር ሰው ያንን ለማድረስ ጨለማ ሳይገፍ ይነሣል፤ ልጁን አዝሎ ዳገትና ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። ሲደርስ ድሮ ቤቱ በነበረበት ተዳፋት ላይ፣ ከክቦቹ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳ ሥር፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው የተኙ መንገደኞችን እየተራመደ ያልፋል። ቤቶቹ ተቆልፈዋል፤ እንግዳው በረንዳቸው ሥር ብርዱን ታቅፎ ያድራል፤ ያሳድረው የነበረው ሰው ደግሞ ገና አሁን መድረሱ ነው።